የዘገየ ፊልምና የተመልካች ተስፋ



የጄምስ ካሜሮን «አቫታር» በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ታየ። ተከታዩ በ2014 ይወጣል ቢባልም፥ ቀኑ እየተላለፈ ለሕዝብ የቀረበው በ2022 ነው። የመጀመሪያውን በአሥር ዓመቱ ያየ ልጅ የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ወደ ሲኒማ ቤት ገባ ማለት ነው። እንደ እኔ አሳብ፥ ይህ ጎልማሳ የሚሻው በልጅነቱ የተሰማውን መደነቅ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ፊልም ሠሪ ሊመልስለት አይችልም።

ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ፥ በውሃ ውስጥ የተዋንያኑን እንቅስቃሴ የሚቀዳ አዲስ ዘዴ መፈለጉ ነበር። «ሕዝቡ ረስቶታል» ያሉ ነበሩ፤ ፊልሙ ግን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ባሕሩን ብዙዎች አደነቁ፤ ታሪኩ የፊተኛው ድግም ነው ብሎ ያጉረመረመም አልጠፋም። ሦስተኛው ክፍል በ2025 ሲወጣ፥ ተመልካቹ የጠበቀው ሦስት ዓመት ብቻ ነው።