ዘነበወርቅ፦ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ የቀረው ትዝታ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሆስፒታልና ሆስፒታሉ ስለ ወለደው ሰፈር ነው። የታክሲ ረዳቶች «ዘነበወርቅ፣ አየር ጤና!» እያሉ ሲጣሩ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ዘነበወርቅ ማን እንደ ነበሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ልዕልት ዘነበወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ፤ ያረፉትም ገና በወጣትነታቸው ነው። በስማቸው የተጠራውን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በዚያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ አቋቋመው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ አለርት የምንለው የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል በዚያው ተመሠረተ። ቀጥሎም በ1873 እ.ኤ.አ. የበሽታውን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተከፈተ። ይህ ሁሉ ተጽፎ ስለሚገኝ ብዙ አልቆይበትም።

የሆስፒታል መዝገብ ሰው ሲገባ ይመዘግባል፤ ሲወጣም «ድኖ ወጣ» ብሎ ይዘጋል። ሰውየው ከበሩ ወጥቶ ወደ ቀኝ ይሂድ ወደ ግራ፣ መዝገቡን አያገባውም። የሰፈራችን ታሪክ የሚጀምረው መዝገቡ ከተዘጋበት ሰዓት ነው። «ሰፈራችን» ማለቴን ልብ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ እመለስበታለሁ።

የዳነ ሰው ለምን ወደ ቤቱ አልተመለሰም? በአገራችን ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው ተብሎ ለዘመናት ሲታመን ኖሯል። ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበላዎች ልማዱን ቢያቋርጡ ደዌው እንደሚይዛቸው ይነገር የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ይህ እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በጋብቻ ጊዜ ነው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጠየቃል፣ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው ድኖ ቢመለስ እንኳ በእህቱና በወንድሙ ልጆች ላይ ጥላ ያጠላል። ካነጋገርናቸው አዛውንቶች መካከል ያባረራቸው ሰው ሳይኖር ራሳቸው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። አንድ አባት ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ እስከ መንደራቸው ወንዝ ድረስ ከሄዱ በኋላ ሳይሻገሩ እንደ ተመለሱ ነግረውናል። ለምን ብለን ስንጠይቃቸው የታናሽ እህታቸው ሠርግ ቀርቦ እንደ ነበር ገለጹልን። ወደ ሌላ ጉዳይ አልፈው ስለ ከብት ዋጋ ማውራት ጀመሩ፤ እኛም አልመለስናቸውም።

የተመለሱት በሆስፒታሉ አጥር ሥር የጭቃ ቤት ሠሩ። እርስ በርስ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ እድር መሠረቱ። በገድሉ ላይ የንጉሥ ልጅነቱን ትቶ ደዌን በጸሎት የለመነው ቅዱስ ገብረ ክርስቶስ የሕሙማኑ ጠበቃ ነውና ቤተ ክርስቲያኑም በአቅራቢያቸው አለ፤ ጥቅምት 14 በሰፈሩ ትልቅ በዓል ነው። ሴቶች ጥልፍ ተማሩ። ጣቶቿ የተጣጠፉ ሴት ያን የመሰለ ጥልፍ ስትሠራ አይቶ የማያውቅ ሰው ለማመን ይቸገራል።

አዛውንቶቹ ዘመንን የሚቆጥሩት በነገሥታት አይደለም፤ በመድኃኒት ነው። ዳፕሶን ብቻውን ለዓመታት ይዋጥ የነበረበት ጊዜ «የነጩ ክኒን ዘመን» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን ከመከረ በኋላ የመጣው ደግሞ «የሚያጠቁረው» ይባላል፤ ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራልና። ሪፋምፒሲን ሽንትን እንደሚያቀላ ሳይነገራቸው ወስደው ደም የፈሰሳቸው መስሏቸው የደነገጡበትን ቀን እየሳቁ ይናገራሉ። ለሐኪሙ ይህ ጥምር ሕክምና በሽታውን በ6 ወይም በ12 ወራት የሚያድን ታላቅ ድል ነው። ለእነርሱም ድል ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ያስታወሱት ፊታቸው በመጥቆሩ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸው የነበረበትን ዓመት ነው።

«በሽታ» የሚለውን ቃል እምብዛም አይጠቀሙም፤ «የመጣሁበት ጉዳይ» ይላሉ።

አሁን ወደ «ሰፈራችን» ልመለስ። እናቴ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጎጃም ለዚሁ ጉዳይ የመጣች ናት። አባቴን ያገኘችው እዚያው ነው። በልጅነቴ በዓለም ላይ ከእናቴ የበለጠ ጀግና ያለ አይመስለኝም ነበር፤ የሚንተከተከውን ጀበና ያለ ጨርቅ ከእሳት ላይ ታነሣ ነበርና። ጓደኞቼን ሳይቀር እየጠራሁ አሳይ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ጀበናውን ነጥቆ መዳፏን ገልብጦ አሳየኝ፤ ቆዳው ተልጦ ነበር። እርሷ አልተሰማትም።

ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም፤ ይህን ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስረዳት ያስፈልጋል። ባክቴሪያው ነርቭን ይጎዳል፤ ነርቩ የተጎዳ እጅ ትኩሱን ከቀዝቃዛው አይለይም፤ የደነዘዘ እግር ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር አይቆረቁረውም። ሳይታወቅ የሰፋ ቁስል ያመረቅዛል፣ አጥንትን ይጎዳል፤ ጣትን የሚያሳጣው ይህ ነው። በሰፈራችን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ይልቅ የጫማ መሥሪያው ይከበር የነበረው ለዚህ ነው። ማታ ማታ አባቴና እናቴ በኩራዝ ብርሃን አንዱ የሌላውን እግር ይመረምሩ ነበር። እኛ ልጆቹ ባልና ሚስት ሁሉ እንደዚያ የሚያደርጉ ይመስለን ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስገባ አድራሻ በሚለው ቦታ ላይ «አየር ጤና» ብዬ ጻፍኩ። አየር ጤና ቀጥሎ ያለው ሰፈር ነው፤ ስሙም ለጉዳዬ የተመቸ ነበር። ለብዙ ዓመታት በየቅጹ እንዲሁ ስጽፍ ኖርኩ።

የሰፈሩ መገለል በበሽታው ብቻ አላበቃም። የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ጎረቤታችን ነው። ከተማው የማይፈልገውን ሁሉ ወደ እኛ ይልካል የሚሉ አዛውንት አሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የቀብሩን ሐዘን ከተሸከሙት መካከል የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ያቋቋሟቸው እድሮች ነበሩ። ስለዚያ ቀን የቀዳነው ትዝታ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚፈልግ እዚህ ላይ ልተወው።

ቅጂውን የጀመርነው ከተማሪዎቼ ጋር የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ነው። የፈቃድ ቅጻችን ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይጠይቅ ነበር። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ የእናቴን እጅ እያየሁ ያደግሁት። በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናት ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው «የትኛውን ልስጥህ ልጄ?» ሲሉኝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የምንቀበለው በድምፅ ነው።

እኚህ እናት በሦስት ቀን ሙሉ ሕይወታቸውን ነገሩን። «ስሜን ጻፈው፤ የተደበቅሁት ይበቃል» አሉ። ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ከአርባቸው በኋላ ሴት ልጃቸው ቢሮዬ መጥታ ቅጂው እንዲጠፋ ጠየቀችኝ። የእርሷ ልጅ ልትዳር ነው፤ የወንዱ ወገኖች የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። የእናቷን ፈቃድ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ «ዶክተር፣ እናቴ ፈቅዳልሃለች፤ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

አንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጠኋት። በሕግም ሆነ በሙያችን ሥነ ምግባር የተናጋሪዋ ፈቃድ በቂ ነው፤ ያማከርኳቸው ባልደረቦቼም ይህንኑ ነገሩኝ። በሌላ በኩል ግን የሠላሳ ዓመት ቅጾቼን ሁሉ «አየር ጤና» ብዬ የሞላሁ ሰው ነኝና፣ «ለምን ትደብቂያለሽ?» ብዬ ልጠይቃት አፍ አልነበረኝም። ቅጂውን ሰጠኋት፤ ከኮምፒውተራችንም አጠፋሁት። በስብስባችን ውስጥ ቁጥሩ ባዶውን ተቀምጧል። የቡድኑ ወጣት ተመራማሪዎች እናትየዋን ዳግመኛ አስወጥተሃቸዋል ብለው ተቆጥተውኛል። አልተከራከርኳቸውም፤ ሌሊት ሌሊት እኔም ለራሴ የምለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የፈቃድ አሠራራችንን ለውጠናል፤ ተናጋሪው ቢፈቅድም ስም ከመውጣቱ በፊት ልጆቹን እናነጋግራለን። በዚሁ ደንብ መሠረት እኔም ከዚህ መድረክ በፊት ሦስት እህቶቼን ጠይቄያለሁ። የሰማችሁትን እንድናገር ሦስቱም ፈቅደዋል። የእናታችንን ስም እንድጠራ ግን ሁለቱ እሺ ሲሉ ታናሿ እስካሁን መልስ አልሰጠችኝም፤ ስለዚህ ስሟን አልጠራሁም። ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።