ቀለም መለየት የሚቸግረው ልጅና የቪዲዮ ጨዋታ

(ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በአማርኛ ቀለም የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይዟል። ልብስ የሚነከርበትም ቀለም ነው፤ ብራና የሚጻፍበትም ቀለም ነው፤ ትምህርቱም ራሱ ቀለም ይባላል። ስለዚህ ትምህርት ፈጥኖ የሚይዘው ልጅ ቀለም ይገባዋል ሲባል፣ የማይይዘው ደግሞ ቀለም አይዘልቀውም ይባላል። ይህ ንግግር የሚመለከተው ፊተኛው ቀለም፣ ይኸውም ቀይና አረንጓዴ የሚባለው፣ አልለይ ስላለው ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ አእምሮው ምንም ብሩህ ቢሆን፣ ኋለኛው ቀለም የማይዘልቀው መስሎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩም ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ፈጥኖ የሚገለጠው በጨዋታ ላይ፣ ይልቁንም ልጆች በስልክና በኮምፒዩተር መስኮት በሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ነው።

ከእነዚህ ጨዋታዎች የአንዱ ዓይነት አካሄድ እንዲህ ነው። በመስኮቱ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ኳሶች ተደርድረው ይታያሉ፤ ተጫዋቹ ከታች አንድ አንድ ኳስ እየወረወረ ከመሰሎቹ ጋር ያጋጥማል፤ ሦስት አንድ ዓይነት ኳሶች ሲገናኙ ይጠፋሉ። አራት ልጆች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው ተራ በተራ ሲጫወቱ፣ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ አረንጓዴውን ኳስ በቀዩ ላይ ይወረውራል። ይሳቅበታል። ደግሞ ይሞክራል፤ ደግሞ ይስታል። ሦስተኛ ተራው ሲደርስ «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው» ብሎ ስልኩን አጠገቡ ላለው ልጅ ሰጥቶ ይሄዳል። ጓደኞቹም ኮራብን ብለው ያሙታል። እርሱ ራሱ ለምን እንደሚሸነፍ አያውቅም፤ ከተወለደ ጀምሮ በሌላ ሰው ዐይን አይቶ አያውቅምና። ሣር አረንጓዴ፣ በርበሬ ቀይ መሆኑን እንደ ማንኛውም ልጅ ከእናቱ አፍ ተምሮ በቃሉ ይዞታል፤ ስለዚህ ቢጠየቅ በትክክል ይመልሳል። ኳሱ ግን ሣርም በርበሬም አይደለም፤ ከቀለሙ በቀር ሌላ ምልክት የለውም።

ይህን ነገር በራሱ ላይ መርምረው በጽሑፍ ካወጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ አስተማሪ መሆኑ መምህራንን ሳያስደስት አይቀርም። ጆን ዳልተን በእንግሊዝ አገር ገና በ12 ዓመቱ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመረ፣ ኋላም ስለ አቶም ባወጣው ትምህርት ስሙ የተጠራ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1792 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አንዲት የጄራንየም አበባ በቀን ብርሃን ሰማያዊ መስላ ስትታየው፣ ማታ በሻማ ብርሃን ቀይ መሰለችው። ወዳጆቹን ቢጠይቅ፣ ለእነርሱ በቀንም በማታም ያችው አበባ ናት፤ እንደ እርሱ ሆና የታየችው ለወንድሙ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ዳልተን 26 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ አበባና ቅጠል ሲመረምር የኖረ ሰው ይህን ያህል ዘመን ሳያውቀው ከቈየ፣ የ10 ዓመት ልጅ አለማወቁ ሊያስደንቅ አይገባም። በ1794 ነገሩን በማንቸስተር ከተማ ለነበረው የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ማኅበር በንግግር አስረዳ። በዐይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ቢሆን ነው ብሎ ስለ ገመተም፣ ከሞተ በኋላ ዐይኑ እንዲመረመር ተናዘዘ። በ1844 ሲሞት ሐኪሙ ዐይኑን ከፍቶ ቢመለከት ምንም ሰማያዊ ነገር አላገኘበትም። የዐይኑ ቅሪት ተጠብቆ ኖሮ በ1995 በዲ ኤን ኤ ሲመረመር ግን እውነተኛው ምክንያት ታወቀ።

ይኸውም በዐይን ጀርባ ባለው ስስ መጋረጃ ላይ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሶች አሉ፤ ለዳልተን መካከለኛውን የብርሃን ሞገድ የሚቀበለው ዓይነት ጐድሎት ነበር። ሕዋሱ ባይጐድልም ከሥራው ጥቂት ያፈነገጠባቸው ሰዎች ደግሞ ይበዛሉ። እንግዲህ «የቀለም ዕውር» የሚለው የተለመደ ስም ነገሩን አይገልጸውም። ልጁ ያያል፤ ብዙ ጊዜም ሰማያዊንና ቢጫን ደኅና አድርጎ ይለያል፤ የሚምታቱበት ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማ፣ እንዲሁም ሰማያዊና ወይን ጠጅ ናቸው። ጠባዩ የሚወረሰው በእናት በኩል ስለሆነ፣ ከአያት ተነሥቶ ደኅና በምታይ ሴት ልጁ አልፎ በልጅ ልጁ ላይ ይገለጣል፤ በሴቶችም ላይ እጅግ ጥቂት ነው። የሰሜን አውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች ከመቶው 8 ያህሉ እንዲህ ናቸው፤ በኢትዮጵያ በወንዶች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ከመቶው 4 ገደማ ተገኝተዋል። ይህም ማለት 50 ወንዶች ባሉበት ክፍል ሁለት ያህል መኖራቸው ይገመታል። ልጁ በጨዋታ ላይ ሲሳሳት አይቶ «ስልኩ ዐይኑን አበላሸው» የሚል ወላጅ ቢመጣ፣ አብሮ የተወለደ መሆኑን ማስረዳት የመምህሩ ፋንታ ነው። በገበያ የሚሸጡት ባለ ቀለም መነጽሮችም አንዳንዱን ቀለም ከአንዳንዱ ያጐሉ እንደ ሆነ እንጂ የጐደለውን ሕዋስ አይተኩም።

የቪዲዮ ጨዋታ የትምህርት ጠላት ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ በክፍል የሚያንቀላፋውን ልጅ ያየ መምህር ይህን ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚህ አንድ ጉዳይ የጨዋታ ሠሪዎች ከብዙ ትምህርት ቤቶች ቀድመው ተምረዋል። በገበጣ ጠጠሩ ይቈጠራል እንጂ ቀለሙ አይጠየቅም። ቴትሪስ የተባለውም ጨዋታ በ1984 በሞስኮ በአሌክሴይ ፓጂትኖቭ ሲሠራ፣ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ቀለም ስላልነበረው ቁርጥራጮቹ የተሣሉት በቅንፍ ምልክት ነበር፤ ተጫዋቹም በቅርጻቸው ይለያቸው ነበር። መስኮቱ ቀለም ካገኘ በኋላ ግን ሠሪዎቹ ሥራውን ሁሉ በቀለም ላይ ጣሉት፤ ወዳጅ አረንጓዴ ጠላት ቀይ፣ ሙሉ ኃይል አረንጓዴ ያለቀ ኃይል ቀይ ሆነ። ለዚህ ልጅ ከሁሉ የሚከፉትን ሁለቱን መረጡለት ማለት ነው።

በ2018 ወጥቶ በ2020 በዓለም ሁሉ የታወቀው አመንግ አስ የሚባለው ጨዋታ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተጫዋቾቹ በመካከላቸው የተሰወረውን ወንጀለኛ ተማክረው ሲያወጡ፣ አንዱ ሌላውን የሚጠራው በልብሱ ቀለም ነው፤ «ቀዩ ነው ያደረገው፣ አረንጓዴው ነው» እየተባባሉ ይመሰክራሉ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ልጅ እንዲህ ባለ ሸንጎ ንጹሑን ሰው ያስቀጣል፤ ዝም ቢልም ራሱ ይጠረጠራል። በኋላ ሠሪዎቹ የቀለሙ ስም በጽሑፍ እንዲታይ፣ በቀለም ብቻ ይለዩ የነበሩት ሽቦዎችም ምልክት እንዲኖራቸው አደረጉ። በ2015 የወጣው የጃፓኑ ስፕላቱን በቀለም መርጨት ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ሳለ፣ የሁለቱን ወገኖች ቀለም በቀላሉ በሚለዩ ጥንዶች የሚያጸና ምርጫ ሰጠ። ኡኖ የተባለውም የካርታ ጨዋታ፣ ፖርቱጋላዊው ሚጌል ኔይቫ ለየቀለሙ ያወጣቸውን ምልክቶች ይዞ በ2017 ታትሟል። አንዳንድ ጨዋታ ሠሪዎች ግን መላውን መስኮት በአንድ ጊዜ የሚቀይር ማጣሪያ ብቻ አኑረው ግዴታቸውን የፈጸሙ ይመስላቸዋል። ይህ የሰነፍ ጥገና ነው፤ ሰማዩንም ሣሩንም የሰውንም ፊት ለውጦ፣ ጠላትን ከወዳጅ መለየቱን መልሶ ለልጁ ዐይን ይተወዋልና።

በመማሪያ ክፍልም ያው ነው። በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ የተሰመረው መስመር፣ አውራጃዎቹ በቀለም ብቻ የተለዩበት ካርታ፣ በስፖርት ሰዓት ለሁለት ቡድን የሚታደለው ቀይና አረንጓዴ ሰደርያ፣ ሁሉም ያንኑ ልጅ ያሰናክላሉ። የጃፓኑ ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 ያወጣቸው ባለ ነጠብጣብ ሥዕሎች ዛሬም ለምርመራ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን የስልክ መስኮት ቀለሙን ስለሚለውጥ በዚያ ላይ ታይቶ ፍርድ አይሰጥም፤ ልጁን ወደ ዐይን ሐኪም መላክ ይሻላል። በክፍል ፊት አቁሞ «ይህ ምን ቀለም ነው? ያስ?» እያሉ መጠየቅም ጨርሶ የማይገባ ነው፤ ጓደኞቹ ይህን ከወሰዱት ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ያደርጉታል።

አብዛኞቹ የዛሬ ስልኮች ቀለሙን ሁሉ ወደ ግራጫ የሚመልስ ማስተካከያ አላቸው። ለክፍል የታሰበ ጨዋታ ወይም ካርታ በዚያ ሲታይ ትርጉሙ ካልጠፋ፣ ቀለም ለማይለየውም ልጅ ይሆናል። ከጠፋ ግን በየቀለሙ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መጻፍ ነው፤ ለዚህም አንድ እርሳስና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።