የተቀነሰው ግብር ለማን ይደርሳል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት መንግሥት ለተጎዱ ሰፈሮች ስለሚያወጣው ገንዘብና ለነጋዴ ስለሚቀንሰው ግብር ነው። ነገሩ የሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ዋሺንግተን፣ ዩ ስትሪት ላይ የታየ ነው። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በኤፕሪል 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ረብሻ 7ኛው መንገድ፣ 14ኛው መንገድና ኤች ስትሪት ተቃጠሉ። ሱቁ ተዘጋ፤ አቅም ያለው ሰፈሩን ለቀቀ፤ ብዙው ሕንፃ ለዓመታት ባዶውን ቆመ። ከዚያ የሕዝብ ገንዘብ መጣ። በ1986፣ በከንቲባ ማሪዮን ባሪ ዘመን፣ 14ኛውና ዩ ከሚገናኙበት ላይ ሪቭስ የተባለው የከተማው መሥሪያ ቤት ተከፈተ። በ1991 ደግሞ የሜትሮ ጣቢያው ተከተለ፤ እርግጥ ቁፋሮው ነጋዴውን አስቸግሮት ነበር።

የግብር ቅናሹ የመጣው በ1997 በወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። የዋሺንግተን ኢንተርፕራይዝ ዞን ይባል ነበር፤ ከ1998 እስከ 2011 መጨረሻ ሠርቶ አበቃ። ከጥቅሞቹ ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው፣ የከተማውን ነዋሪ በዞኑ ውስጥ የቀጠረ ነጋዴ ከመጀመሪያው 15,000 ዶላር ደመወዝ 20 በመቶ፣ ማለትም በአንድ ሠራተኛ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከግብሩ ይቀነስለት ነበር። ሁለተኛው፣ በዞኑ ያፈራውን የንግድ ንብረት ከአምስት ዓመት በላይ ይዞ የሸጠ ሰው ሕጉ ያዘዘውን ካሟላ በትርፉ ላይ የፌዴራል ግብር አይከፍልም ነበር።

እስቲ ልዩነቱን እንመልከት። የመጀመሪያው ከነዋሪው እንጀራ ጋር የታሰረ ነው። ሁለተኛው ንብረት ላለው ነው። የሚሸጠው የሌለው ሰው ከዚህ ምን ያገኛል? ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወደ እኛ ወገን ስንመጣ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶቻችን አዳምስ ሞርጋን ላይ ኪራይ ሲወደድባቸው ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ መጡ። ሰው የሸሸውን ሱቅ አጽድተው፣ እስከ ሌሊት መብራት አብርተው መንገዱን አሞቁት። ሲሞቅ ግን ኪራዩ እንደገና ወጣ፤ ብዙዎችም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድርያ ሄዱ።

ይህ ለምን ሆነ? ሰፈር ሲለማ የሕንፃው ዋጋ ይጨምራል፤ የንብረት ግብሩም አብሮ ይጨምራል። በብዙ የሱቅ ሊዝ ላይ ደግሞ ይህን ግብር ተከራዩ ይከፍላል ተብሎ ተጽፏል። የከተማው የኪራይ ቁጥጥር ሕግ መኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይሸፍንም። እንግዲህ ሰፈሩን ያሞቀው ሰው የሙቀቱን ሒሳብ ከፈለ ማለት ነው። ይህን ስል ልማት አይምጣ ማለቴ አይደለም። ባዶ ሕንፃና ጨለማ መንገድ ማንንም አልጠቀመም። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ከተማው ስብሰባ ሲጠራ አንቅር። ገንዘቡ ከማን ጋር ታስሯል? ስንት ነዋሪ ይቀጠራል? ቃሉን ያልጠበቀ ነጋዴ የተቀነሰለትን ይመልሳል ወይ? ብለን እንጠይቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሰጠን።

ሁለተኛ፣ ሊዝ በጠበቃ ሳናስነብብ አንፈርም። ለስንት ዓመት ነው? ሲታደስ ጭማሪው ወሰን አለው ወይ? የንብረት ግብሩን የሚከፍለው ማነው? ሰፈሩ ከሞቀ በኋላ ቢጠየቅ ጊዜው አልፏል።

ሦስተኛ፣ በእቁብ መኪና የገዛን፣ ሱቅ የከፈትን ሰዎች ነን። ሕንፃ መግዛት ሲመጣ ግን ለየብቻ እንሮጣለን። አቅም ያላችሁ በሕግ ተዋውላችሁ በጋራ ስለ መግዛት ተመካከሩ። የግብር ቅናሹ መጨረሻ የሚያርፈው ሕንፃውን በያዘው እጅ ላይ ነውና።

ሱቅ ያላችሁ ሁሉ በሚቀጥለው ስብሰባ ውላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናንብበው።