አብረው የሚነሱት

እሷ፦ ልደታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉትን ራፖር ጸሐፊዎች ታውቃቸው የለ? ባለጉዳዩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ኮምፒዩተሩ ገና እየተነሳ ነው።

እሱ፦ ቴሌግራሙ፣ ዙሙ፣ ሁሉም አብሮት ይነሳላ! ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ እስኬፕ አንድ ላይ ተጫኚና «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፈቺ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ እዚያ ነው።

እሷ፦ ላጥፋቸዋ?

እሱ፦ «ዲሴብል» በያቸው እንጂ አትሰርዢ። ዲሴብል ፋይሉን አይነካም፤ ካስፈለገሽ ትመልሺዋለሽ። ሲስተም 32 ውስጥ ገብቶ ስሙን ያላወቀውን ሁሉ የሚሰርዝ «ባለሙያ» ግን አለ፤ እሱ ዊንዶውሱን ራሱን ነው የሚያፈርሰው።

እሷ፦ ፓወር ግዕዝስ?

እሱ፦ ኧረ እሱን ተዪው! ብታቆሚውም አይጠፋም፤ ግን አማርኛ ለመጻፍ በየጠዋቱ በእጅሽ ልትከፍቺው ነው። አንቲቫይረሱንም እንዳትነኪ።