ለማይድን ሕመምተኛ መሮጥ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሩጫ ነው። ወደ ሩጫው ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ሕመምተኛ ጥቂት እንበል።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። አንድ ሰው በጠና ይታመማል። በቃሬዛ ተሸክመን፣ ከዚያም በመኪና አሳፍረን ሐኪም ቤት እንወስደዋለን። ሐኪሙ መርምሮ፣ «ካንሰር ነው፤ በጣም ቆይቷል፤ አሁን አይድንም፤ ወደ ቤቱ ውሰዱት» ይለናል። ይዘነው እንመለሳለን። ከዚያ በኋላስ? ሕመምተኛው ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። እኛም ውሃ ከማቅመስና ከማልቀስ በቀር የምናደርገው ይጠፋናል። ልጆቹ ድምፁን እንዳይሰሙ ጎረቤት ቤት ይላካሉ።

አይድንም ማለት አይታከምም ማለት ነው? አይደለም። በሽታው ባይድንም ሥቃዩን ማስታገሥ ይቻላል። ይህን ሥራ የሚሠራ ቤት ሆስፒስ ይባላል።

የዘመኑ ሆስፒስ ሲነሳ ስሟ የሚጠራው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናት። መጀመሪያ ነርስ ነበረች፤ በኋላ ሐኪም ሆነች። በ1940 ዓ.ም. ለንደን ከተማ ውስጥ ዴቪድ ታስማ የሚባል ከፖላንድ የተሰደደ ሰው በካንሰር ታሞ ተኝቶ ነበር። ሲስሊ እየሄደች ታጫውተው ነበር። ሁለቱ ሲጫወቱ፣ እንዲህ ላሉ ሕመምተኞች የተለየ ቤት ቢኖር ምን ያህል መልካም ነበር ይላሉ። ሰውየው ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት። ለምን? ለዚያ ቤት መስኮት እንዲሆን ብሎ። ልብ በሉ፤ ቤቱ ገና አልተሠራም። ግድግዳ ሳይቆም መስኮት ቀደመ! ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለው ሆስፒስ የተከፈተው ከ19 ዓመት በኋላ በ1959 ዓ.ም. ነው።

ሲስሊ ያስተማረችው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ ማስታገሻ ሕመምተኛው እስኪጮህ ተጠብቆ አይሰጥም። ሥቃዩ ተመልሶ ሳይመጣ፣ ሰዓቱ ተጠብቆ፣ ሐኪም በመጠነው ልክ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ቁስል ይጠባል፤ ቤተሰብ ይጽናናል፤ ሕመምተኛው የሃይማኖት አባት ከፈለገ ይጠራለታል።

በእኛም አገር አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አለ። ነርሶቹ ወደ ሕመምተኞች ቤት እየሄዱ ይረዳሉ። ወደ ገጠሩ ግን ይህ ሥራ ገና እምብዛም አልዘለቀም።

ታዲያ ሩጫው የት ላይ ገባ? በእንግሊዝ አገር ሆስፒስ ሕመምተኛውን ገንዘብ አያስከፍለውም። መንግሥት የሚሰጠውም አይበቃም። አብዛኛው ወጪ የሚሸፈነው ከሕዝብ በሚገኝ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ማራቶን ነው።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ይህን ርቀት ነው። የለንደን ማራቶን የተጀመረው መጋቢት 20 ቀን 1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ቀን ከፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አብረው አንደኛ ወጡ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ56 ሺህ በላይ ሰዎች ጨረሱት። ከሴቶች አንደኛ የወጣችው የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ ነበረች። ከኋላዋ ከሚመጡት ውስጥ ግን እጅግ ብዙዎቹ ለማሸነፍ የሚሮጡ አይደሉም።

«እግር ቢሮጥ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ብለው አንድ አባት ጠይቀውናል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ እንበል፤ እናቱ በሆስፒስ ውስጥ ሳይሠቃዩ አርፈዋል። ወደ ጎረቤቶቹና ወደ ሥራ ጓደኞቹ ይሄድና፣ «ማራቶን ልሮጥ ነው፤ ለሆስፒሱ ስንት ትሰጣላችሁ?» ይላቸዋል። አንዱ 5 ፓውንድ፣ ሌላው 20 ፓውንድ ይላል። ስማቸው እንደ እድር መዝገብ ይጻፋል። እሱም ለወራት በብርድና በዝናብ ይለማመዳል። መጀመሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ ያቅተዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ያለ ሩጫም መስጠት ይቻል ነበር። የሰው ነገር ሆኖ ግን፣ ሌላው ሲለፋ ሲያይ እጁ ይፈታል። በደቦ ጊዜስ አንዱ ላብ በላብ ሆኖ እያየነው እኛ ጥላ ሥር መቀመጥ መች ይሆንልናል?

የሩጫው ቀን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ የዳቦ ጋጋሪው እግር እንደ ድንጋይ ይከብደዋል። በሸሚዙ ጀርባ የእናቱ ስም ተጽፏል። ዳር የቆመው ሕዝብ፣ የማያውቀው ሁሉ፣ «አይዞህ!» ይለዋል። እየተራመደም፣ እያነከሰም ይደርሳል። የተሰበሰበው ገንዘብ ለሆስፒሱ ይገባል። የነርሷ ደመወዝ ከዚያ ይከፈላል፤ መድኃኒቱም ከዚያ ይገዛል። ማታ ነርሷ የአንድ ሕመምተኛ በር ታንኳኳለች። የመድኃኒቱ ሰዓት ደርሷል።