የላሚቱ ሰዓትና የአዳቃዩ ሰዓት



ዛሬ የምንናገረው ላምን በሆርሞን መርፌ እንቁላል እንድትጥል አድርጎ፥ በተወሰነ ሰዓት በሰው ሠራሽ ዘዴ ስለ ማዳቀል ነው። ነገሩ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ቢኖር የወተትን ነገር ያስብ፤ ያልወለደች ላም አትታለብምና።

ላም በ21 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ትደራለች። ድራቷም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ሌሊት ከሆነ ባለቤቱ ሳያየው ይነጋል። ቢያየውም አዳቃዩ ሩቅ ነው። አንድ ድራት ባመለጠ ቁጥር የ21 ቀን መኖ በከንቱ ይበላል።

ይህን ችግር ለማቃለል በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ኦቭሲንክ የተባለውን ዘዴ ለዓለም አሳወቁ። መጀመሪያ ጂኤንአርኤች የተባለው ሆርሞን ይወጋል፤ ይኸውም አዲስ የእንቁላል ከረጢት እንዲያድግ ነው። በ7ኛው ቀን ፕሮስታግላንዲን ይሰጥና በእንቁላል ማኅደር ላይ ያለውን ቢጫ አካል ያከስማል። ከ2 ቀን ገደማ በኋላ ጂኤንአርኤች ተደግሞ እንቁላሉን ያስጥላል። ከዚያም ከ16 ሰዓት ያህል በኋላ፥ ድራት ቢታይም ባይታይም፥ የኮርማው ዘር ይገባል።

በአገራችንም በዚያው አቆጣጠር በ2011 በሐዋሳና በመቀሌ አካባቢ ላሞችን ሰብስቦ፥ አንድ የፕሮስታግላንዲን መርፌ እየሰጡ ማዳቀል ተሞክሯል። መርፌው አንድ በመሆኑ ለገበሬ ይቀላል። ሆኖም ቢጫው አካል ለሌላት ላም ፕሮስታግላንዲን አይረባም፤ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ያለችውን ደግሞ ያስወርዳታል። ጥጃ ልንሰጠው የሄድነው ገበሬ በላሙ ሆድ የነበረውን ያጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ከመርፌ በፊት ምርመራ ይቅደም እንላለን። ገና የጀመረ እርግዝና በእጅ ዳሰሳ አይታወቅምና፥ ላሚቱ መቼ እንደ ተጠቃች ባለቤቱ ይጠየቅ፤ ቀኑም ይጻፍ። የከሳችው ላም አስቀድማ ትቀለብ፤ ሆርሞን የመኖን ቦታ አይተካም። ሁሉም በደንብ ተሠርቶ እንኳ በኦቭሲንክ በመጀመሪያው ጊዜ የሚያረግዙት በብዙ መንጋ ከ100 ላሞች ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ናቸው። ይህንንም ለገበሬው ሳንደብቅ እንንገረው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገ ወደ ገበሬው በረት የምንሄደው እኛ ነን። መርፌው የላሚቱን ሰዓት በእጃችን ያስገባልናል፤ በሰዓቱ መገኘት ግን የእኛ ፈንታ ነው። አለዚያ የምንሰጠው ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀራል።