የላንጋኖ እንግዳና የነጥብ ሒሳብ



አቶ በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆው ጎዳና በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ሆቴሎችን ባቋቋሙበት ዘመን የደንበኝነት መዝገብ የአስተናጋጁ ትዝታ ነበር። ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ1983፣ ሒልተንም በ1987 ይህንኑ ትዝታ በነጥብ ተምነው የነጻ አዳር መግዣ አደረጉት።

ዛሬ ወደ ሐይቁ የሚወርድ እንግዳ ክፍሉን እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ባለ አገናኝ ድርጅት በኩል ሊይዝ ይችላል፤ አገናኙም ከሆቴሉ ኮሚሽን ይቀበላል። በታላላቆቹ ዓለም አቀፍ ሆቴሎች ዘንድ በዚህ መንገድ የተያዘ አዳር በአብዛኛው ነጥብ አያስገኝም፤ ኮሚሽን የተከፈለበትን እንግዳ ዳግመኛ መሸለም ድርብ ወጪ ነውና። እንግዳው ይህን ሒሳብ ሲዘጋ ቢሰማ ግን ቅሬታው የሚያርፈው በአገናኙ ላይ ሳይሆን በእንግዳ ተቀባዩ ላይ ነው።

አገናኙን ማውገዝ አይገባም፤ ላንጋኖን ሰምቶ የማያውቀውን መንገደኛ ያመጣልና። ያንኑ መንገደኛ በሁለተኛው ጊዜ በቀጥታ እንዲመጣ ማድረግ ግን የሆቴሉ ፈንታ ነው። የነጥብ መዝገብ የሌለው ሆቴል ለነባር ደንበኛው ቁርስ ከመጋበዝ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ ክፍል ከመስጠት የሚያግደው የለም፤ ከኮሚሽን የተረፈው ገንዘብ ወጪውን ያግዛል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እውነቱ ክፍሉ ሲያዝ ይነገረው። ቃሉ የታመነ ቤት ደንበኛ አያጣም።